ቆጠራው ይቅደም፣ ቅጣቱ ይደርሳል

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ ወጣት መኮንን የአንድ ሻለቃ ሎጂስቲክስ ኃላፊ ሆኖ ከተመደበ ሦስት ወር ሆኖታል። «ዘብ ላይ የሚተኛው በዝቷል» ይላል። «ከፈቃድ ሳይመለስ የሚቀር አለ፣ ጠፍቶ የሚሄድም አለ። ልምምዳችን ሰልፍ ብቻ ሆኗል። ነዳጅና ጥይት የት እንደሚገባ አይታወቅም፤ ግምጃ ቤቱ ግን በማይፈለግ ዕቃ ተጨናንቋል። አዛዣችን ቅጣት ይጥበቅ ባይ ናቸው። እኔ ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ የጻፍከው የዲሲፕሊን፣ የሥልጠና እና የብክነት ብለህ ከፋፍለህ ነው። እኔ የማየው ግን አንድ ችግር ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውና መሬት ላይ ያለው ተለያይተዋል። ዘቡ ተኝቶ ሳለ መዝገቡ «ነቅቶ አደረ» ይላል። ልምምድ ሳይካሄድ «ተካሂዷል» ተብሎ ይጻፋል። ነዳጁ ወጪ ሆኗል፤ መኪናው ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። ወታደር ሞኝ አይደለም። አለቆቹ ውሸት ላይ ሲፈርሙ በየቀኑ ያያል። ካየ በኋላ እሱም የድርሻውን ይዋሻል።

ለብዙ ዓመታት ሥራዬ ሥልጠናና የንብረት ቁጥጥር ነበር። አንድ ጊዜ የአንድ ክፍል የተሽከርካሪ መዝገብ አስቀርቤ ገለጥኩ። የሦስት ወር ምዝገባ ነው። ቀኑ ይለያያል፣ የሾፌሩ ስም ይለያያል፣ ኪሎ ሜትሩ ይጨምራል። እስክሪብቶው ግን አንድ ነው። የእጅ ጽሑፉም አንድ ነው። ገጾቹ ላይ የዘይት አሻራ የለም፣ አንድም የተሰረዘ ቁጥር የለም። መኪና ውስጥ የከረመ መዝገብ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አይገኝም። ወጥቼ መኪኖቹን አየሁ። የአንደኛው የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ከነጭራሹ አይሠራም። በመዝገቡ ግን በየቀኑ ይጓዛል። ጸሐፊውን ስጠይቀው አልደነገጠም። «ቁጥጥር ይመጣል ስለተባለ ትናንት ማታ ሞላሁት» አለኝ። ማን እንዳዘዘው ሲነግረኝም ድምፁን ዝቅ አላደረገም። ለእሱ ይህ የታዘዘው ሥራ እንጂ ጥፋት አልነበረም። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ወታደር ዘብ ላይ ቢተኛ ምን ይገርማል?

ይህ በሽታ ሲያድግ የት እንደሚያደርስ በ2014 በኢራቅ ታይቷል። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በጁን ወር ሞሱል ስትወድቅ በወረቀት ላይ ከአጥቂው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሠራዊት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተበተነ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 30 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሃይደር አል አባዲ ለፓርላማቸው ጉዱን ተናገሩ። በአራት ክፍለ ጦሮች ብቻ 50,000 የሌሉ ወታደሮች ስም ተገኝቷል። ኢራቃውያን እንዲህ ያለውን ሰው «የጠፈር ሰው» ይሉታል። ደመወዙ ይወጣል፣ እሱ ግን የለም። አንዳንዱ ስም ብቻ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከደመወዙ ለአለቃው እያካፈለ ቤቱ የሚውል ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የተሰረቀውን ገንዘብ ያስባል። እኔ የማስበው የቀረውን ወታደር ነው። መቶ ሰው ይጠብቀዋል የተባለውን ቦታ አርባ ሰው ይጠብቀዋል። ዘብ የሚደርሰው በሳምንት አንዴ ሳይሆን በሦስት ሌሊት አንዴ ነው። ቀን ደግሞ ሌላ ሥራ አለበት። እንቅልፍ ይጥለዋል። ሲጥለው ይቀጣል። የቀጣው መኮንን ምናልባት የሌሉትን ስድሳ ሰዎች ደመወዝ የሚፈርመው ራሱ ነው።

ስለዚህ ከሰው ጀምር። የተኛውን ዘብ ከመቅጣትህ በፊት የተራ ዝርዝሩን አምጥተህ ቁጭ በል። አንድ የጥበቃ ቦታ ሃያ አራት ሰዓት እንዲጠበቅ፣ ሁለት ሰዓት ቆሞ አራት ሰዓት በሚያርፍ ተራ፣ ለአንድ ቀን ሦስት ሰው ይፈልጋል። እነዚህ ሦስቱ በማግስቱ ማረፍ ስላለባቸው ስድስት ይሆናሉ። ፈቃድ ላይ ያለውን፣ የታመመውን፣ ለጉዳይ የተላከውን ጨምርበት። ይህን ሂሳብ ለእያንዳንዱ የጥበቃ ቦታ ሥራው። ከዚያ በእውነት ያለህን ሰው ቁጠር። ቆጠራው ያለ ማስጠንቀቂያ ይሁን፣ በጠዋት፣ ሁሉም ሻምበል በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሰው ከመታወቂያው ጋር ፊት ለፊት ቆሞ። ሁለቱ ቁጥሮች ካልገጠሙ የእንቅልፉን ምክንያት አገኘኸው። ወይ የጥበቃ ቦታ መቀነስ ነው፣ ወይ ለየጽሕፈት ቤቱና ለየግል ጉዳዩ የተበተነውን ወታደር መሰብሰብ ነው።

ይህን አስተካክለህ አሁንም የሚተኛ ካለ ያን ጊዜ ጥፋቱ የራሱ ነው። የጥንት ሮማውያን ለዚህ የነበራቸው ዘዴ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ማታ ማታ በየጥበቃ ቦታው ለዘቡ ምልክት ያለበት ትንሽ ጣውላ ይሰጠዋል። ተቆጣጣሪዎች ምስክር ይዘው ሌሊቱን ይዞራሉ። ነቅቶ ካገኙት ጣውላውን ይቀበሉታል፣ ተኝቶ ካገኙት ምስክሮቹን አሳይተው ያልፋሉ። ጠዋት ላይ የጎደለው ጣውላ የየትኛው ቦታ እንደሆነ ምልክቱ ይናገራል። ቅጣቱ እስከ ሞት የሚደርስ ድብደባ ነበር፤ ያንን አልመክርህም። እኔ የምወደው ጣውላውን ነው። ዘቡ እንደሚታይ ያውቃል። ተቆጣጣሪውም በየቦታው ሳይደርስ «ዞርኩ» ማለት አይችልም፤ ሪፖርቱ በእጅ የሚያዝ ዕቃ ሆኗልና። አንተም ለየጥበቃ ቦታው ቁጥር የተጻፈበት ጠፍጣፋ ብረት ብታሠራ ወጪው ከምንም አይቆጠርም።

አዛዥህ ቅጣት ይጥበቅ ማለታቸውን ጻፍክ። ከልባቸው እንደሚሉት አምናለሁ፤ ክፍሉ እየተበላሸ ሲያዩ ከእጃቸው ላይ ያለው መሣሪያ እሱ ነው። ግን ቅጣት ሲጠብቅ ማን እጅ ላይ እንደሚወድቅ ማየት ያስፈልጋል። ኤፕሪል 8 ቀን 1956 በአሜሪካ ፓሪስ አይላንድ፣ የባሕር ኃይል እግረኛ ምልምሎች ማሠልጠኛ ውስጥ፣ አንድ አሠልጣኝ ዲሲፕሊናቸው ላልቷል ያላቸውን ምልምሎች በሌሊት ወደ ረግረጋማ ወንዝ መራቸው። ጥልቀቱን አላጣራም። ስድስት ልጆች ሰጠሙ። ሰውየው ሊገድላቸው አላሰበም። የተቆጣጠረው አልነበረም፣ ገደቡም በግልጽ አልተሰመረለትም። ከዚያ በኋላ ያ ተቋም የአሠልጣኞችን አመራረጥና ቁጥጥር እንደገና ለማደራጀት ተገደደ። «አጥብቁ» የሚል ትእዛዝ ያለ ወሰን ከላይ ሲወርድ፣ ታች የሚደርሰው በየአስር አለቃው ንዴት ልክ ተቀይሮ ነው።

የጅምላ ቅጣትንም ተው። አንድ ሰው አጥፍቶ መቶው ሌሊቱን ቢሮጥ፣ በማግስቱ መቶው አንድ ላይ ሆኖ ይደብቅሃል። ቅጣት ትንሽ ይሁን፣ ቶሎ ይሁን፣ ሳይቀርም ይድረስ። በወሩ ከሚመጣ ከባድ ቅጣት በዚያው ቀን የሚፈጸም ቀላል ቅጣት ይበልጣል። ደግሞም ለመኮንኑ እኩል ይሁን። የወታደር ዓይን ከሁሉ በፊት እሱን ነው የሚያየው።

ስለሚጠፉት ልጆች ደግሞ አንድ ታሪክ አለኝ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1917 ጸደይ፣ የፈረንሳይ ሠራዊት ከከሸፈው የኤፕሪል ማጥቃት በኋላ አመፀ። ከክፍለ ጦሮቹ ግማሽ ያህሉ ተነካኩ። ወታደሩ ምሽጉን ጥሎ ለጠላት አልሰጠም፤ ለከንቱ ማጥቃት ግን አልወጣም አለ። በሜይ ወር አዛዥ የሆነው ፔታን ቅጣት አልተወም። ከ500 በላይ ሰዎች ሞት ተፈርዶባቸዋል፤ አብዛኛው ግን አልተፈጸመም። ሠራዊቱን የመለሰው ሌላው ሥራው ነው። በየአራት ወሩ የሰባት ቀን ፈቃድ በእርግጥ እንዲሰጥ አደረገ። ምግቡንና ማረፊያውን አሻሻለ። በርካታ ክፍለ ጦሮችን በግንባር እየዞረ ወታደሩን ራሱ አናገረ። ዝግጅት የሌለውን ማጥቃትም አቆመ። ፈቃዱን ልብ በልልኝ። ወታደሩ ፈቃድ በደንቡ ነበረው፤ በተግባር ግን እየተሰረዘ ይቀርበት ነበር። እዚህም ወረቀቱና መሬቱ ተለያይተው ነበር ማለት ነው።

በእናንተስ? የጠፉትን ልጆች ስም ዘርዝርና ከእያንዳንዱ ጎን ሦስት ነገር ጻፍ። መጨረሻ ደመወዙን የወሰደው መቼ ነው? መጨረሻ ፈቃድ የወጣው መቼ ነው? የየትኛው ጓድ አባል ነበር? ብዙዎቹ ከአንድ ጓድ ከሆኑ እዚያ የሚደበድብ ወይም ገንዘብ የሚቀበል ሰው አለ። በሶቪየት፣ በኋላም በሩሲያ ጦር ውስጥ ነባሩ ወታደር አዲሱን የሚያሰቃይበት ልማድ፣ ዴዶቭሺና ይሉታል፣ የብዙ ወጣት ሕይወት በልቷል። የግዴታ አገልግሎቱ በ2008 ወደ አንድ ዓመት ሲወርድ ከታሰቡት ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ ነባርና አዲስ የሚባለው ርቀት እንዲጠብ። ዲሲፕሊን ብለን ዝም የምንለው ዱላ ራሱ የዲሲፕሊን መፍረስ ነው።

አሁን ወደ ሥልጠናው። ሰልፍ አይናቅ። ግን «ጥይት ስለሌለ ሰልፍ ብቻ እንሠራለን» የሚለውን አልቀበልም። ወታደር ተኩስ የሚማረው በአብዛኛው ያለ ጥይት ነው። ባዶነቱ ሁለት ጊዜ የተረጋገጠ ጠመንጃ ይዞ በደረቱ ይተኛል። ጓደኛው በርሜሉ ላይ፣ ወደ አፈሙዙ ጠጋ አድርጎ፣ አንድ ሳንቲም ያስቀምጥለታል። ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ቃታውን ቀስ አድርጎ ይስባል። ቀጭ ሲል ሳንቲሙ ከወደቀ ቃታውን መንጭቆታል። መጀመሪያ ቀን አምስቴ ሞክሮ አምስቴም ይጥለዋል። እየተሳሳቁ ይወራረዳሉ። በሳምንቱ ሳንቲሙ ሳይነቃነቅ አስር ጊዜ የሚስብ ልጅ ታያለህ። ያ ልጅ እውነተኛ ጥይት ሲሰጠው አምስቱም ኢላማ ላይ ቀዳዳ ይሆናሉ። ያልተለማመደው አምስቱን አፈር ላይ ይበትናል። አየህ፣ ሥልጠናና ብክነት እዚህ ጋ አንድ ናቸው። ያልሠለጠነ እጅ የነካው ሁሉ ይባክናል፤ ጥይት ብቻ ሳይሆን ማርሹን የሚፈጭ ሾፌርም፣ ባትሪ የሚያቃጥል የሬዲዮ ሠራተኛም።

ሌላም ብክነት አለ፤ እሱን ሳይ ያመኛል። የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ የተረፈ ጥይት ወደ ኮረብታ ይተኮሳል። ኢላማ የለም፣ አሠልጣኝ የለም። «ካልጨረስነው ለሚመጣው ዓመት ይቀንሱብናል» ነው ምክንያቱ። ዓመቱን ሙሉ «ጥይት የለም» የተባለ ወታደር በመጨረሻው ሳምንት ሣጥን ሲራገፍ ሲያይ ምን ይማራል? ይህን ከክፍልህ ማስቀረት በእጅህ ነው። የዓመቱን ኮታ መጀመሪያ ላይ በየወሩ ከፋፍለህ ከሥልጠና ፕሮግራሙ ጋር አያይዘው። ተተኩሶ የመጣው ቀለህ ከወጣው ጥይት ጋር በቁጥር ይመሳከር። የሳጥኖቹን አደራደርም አስተካክል፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ።

ማን ያሠልጥን የሚለውም ትልቅ ጉዳይ ነው። በፌብሩዋሪ 1778 ፎን ሽቶይበን የሚባል የፕሩሲያ ሰው አሜሪካ ውስጥ በቫሊ ፎርጅ ወደ ሰፈረው፣ ከእንግሊዝ ጋር ለነጻነት ይዋጋ ወደነበረው የጆርጅ ዋሽንግተን ጦር መጣ። ጦሩ የተራበ፣ የታረዘ፣ በበሽታ የሚያልቅ ነበር። ሽቶይበን እንግሊዝኛ በቅጡ አይናገርም። ወደ መቶ የሚሆኑ ሰዎች መርጦ ጠመንጃውን በራሱ እጅ ይዞ አሠለጠናቸው። መኮንኖቹ ገረማቸው፤ ልምዳቸው ሥልጠናን ለባለሌላ ማዕረግ፣ ከመኮንን በታች ላለው አለቃ፣ ጥሎ መሄድ ነበር። ከዚያ እነዚያ መቶዎቹ ሌሎቹን አሠለጠኑ። ሰውየው በኋላ ለአንድ ወዳጁ የጻፈው አይረሳኝም። በአውሮፓ ወታደሩን «ይህን አድርግ» ትለዋለህ፣ ያደርጋል። እዚህ ግን «ምክንያቱ ይህ ነው» ብዬ ማስረዳት አለብኝ፣ ከዚያ ያደርጋል ይላል። ይኸው ሰው የሰፈሩን አቀማመጥ አስተካክሎ መጸዳጃውን ከማብሰያው አራቀ፤ የእያንዳንዱ ወታደር ጠመንጃና ዕቃ በስሙ ተመዝግቦ እንዲፈተሽም አደረገ። ሰልፉን፣ ጽዳቱንና መዝገቡን አንድ ሰው እንደ አንድ ሥራ ያዛቸው። በዚያው ዓመት ጁን 28 በሞንማውዝ ያ ጦር ከእንግሊዝ መደበኛ ሠራዊት ጋር ፊት ለፊት ገጥሞ ሳይበተን ቆመ።

ስለ ግምጃ ቤቱ። በማይፈለግ ዕቃ ተጨናንቋል ያልከው አዲስ ነገር አይደለም። በክራይሚያ ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች ቪታሚን አጥተው ድዳቸው እየደማ ያልቁ ነበር። መድኃኒቱ የሎሚ ጭማቂ ነው። ጭማቂው በዲሴምበር 1854 ባላክላቫ ወደብ ደረሰ። እስከ ፌብሩዋሪ 1855 ግን ለወታደሩ አልታደለም። ከዕለት ቀለቡ ዝርዝር ውስጥ አልነበረማ! ይታደል ብሎ ያዘዘም አልነበረም። ወታደሩ እዚያው አካባቢ እየሞተ ሳጥኑ ተዘግቶ ከረመ። ይህን አስብና ግምጃ ቤትህን ክፈት። እያንዳንዱን መደርደሪያ እየያዝክ ጠይቅ፦ ይህን የሚፈልግ ሰው አለ? መኖሩንስ ያውቃል? ግማሹ ችግር እዚህ ይፈታል። የተከማቸ ዕቃ ከሌላ ክፍል ጋር ተለዋወጥ፣ የተበላሸውን በኮሚቴ አስወግድ።

ከላይ የሚመጣው ብክነት ከአቅምህ በላይ ነው፤ ቢያንስ እወቀው። በ2017 የወጣ የአሜሪካ መንግሥት የቁጥጥር ሪፖርት እንደሚለው የአፍጋኒስታን ሠራዊት ለዓመታት የለበሰው የደን ቀለም ያለው ዩኒፎርም ነበር። የዚያ አገር መሬት በደን የተሸፈነው 2.1 በመቶው ብቻ ነው። ዲዛይኑ የተመረጠው የአፍጋኒስታኑ የመከላከያ ሚኒስትር ኢንተርኔት ላይ አይተው ስለወደዱት ነው። ትርፍ ወጪው እስከ 28 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። ለዚሁ ሠራዊት 20 የጣሊያን ሥሪት ማመላለሻ አውሮፕላኖች ወደ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ፈሰሰባቸው። መለዋወጫና ጥገና አልታሰበም። 16ቱ ተቆራርጠው በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ፣ ለአንድ ፓውንድ 6 ሳንቲም ሂሳብ፣ ተሸጡ። በአንተ ደረጃ ትምህርቱ አንድ ነው። አዲስ ዕቃ ሲመጣልህ አብሮ መለዋወጫው፣ የሚጠግነው ሰውና የሚያሠለጥነው ሰው ካልመጣ በጽሑፍ ጠይቅ።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ምሳሌ ግን የቆየ ነው። ሮማዊው ስኪፒዮ ኤሚሊያኑስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ134 ስፔን ውስጥ ኑማንቲያ የተባለችውን ከተማ እንዲይዝ ሲላክ ያገኘው ጦር የአንተን ሻለቃ ይመስላል። ለዓመታት የተሸነፈ፣ ሥራ የፈታ፣ በዕቃ የተሞላ። ስኪፒዮ ወዲያው ጦርነት አልገጠመም። ነጋዴዎችን፣ ሴተኛ አዳሪዎችንና ጠንቋዮችን ከሰፈር አስወጣ። ትርፉን ጋሪና የጋማ ከብት ከነጭነቱ አሸጠ። ለማብሰያ አንድ የመጥበሻ ብረት፣ አንድ የነሐስ ድስትና አንድ ኩባያ ብቻ ፈቀደ። አልጋ ከለከለ፤ በመጀመሪያ ሣር ላይ የተኛው ራሱ ነበር። ከዚያ ወታደሩን በየቀኑ ሰፈር አስገነባው፣ አፈረሰው፣ ጉድጓድ አስቆፈረው፣ አስደፈነው። ከጠዋት እስከ ማታ ራሱ ቆሞ ያይ ነበር። በዓመቱ፣ በ133፣ ከተማዋ ወደቀች። መቆፈሩን ቃል በቃል እንድትኮርጅ አይደለም። የነገሩን ቅደም ተከተል ተመልከት። መጀመሪያ ትርፉን አራገፈ፣ ከዚያ አለቃው ችግሩን ተካፈለ፣ ከዚያ ሥራ መጣ።

አዛዥህን እንዴት ታናግራቸው? በስብሰባ ላይ አታንሳው። በሰው ፊት የተነገረ ጉድለት ክስ ይመስላል፤ ክስ ደግሞ መከላከያ ይጠራል። ለብቻቸው ግባ። ሦስት ቁጥር ብቻ ያዝ፦ በደመወዝ ዝርዝር ያለው ሰውና ጠዋት ቆመው የተቆጠሩት፣ የጥበቃ ቦታዎቹና የሚያስፈልጋቸው ሰው፣ በመዝገብ ያለው ነዳጅና ጥይት ከተቆጠረው ጋር። «ማን በላ» አትበል። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቁጥር እንነሣ» በል። ቅን አዛዥ ከሆኑ እፎይ ይላሉ፤ ለብዙ ጊዜ እውነተኛ ቁጥር ያመጣላቸው ሰው ላይኖር ይችላል። ካልሆኑም ፊታቸው ላይ ታነበዋለህ፤ ያን ጊዜ መንገዱ ወደ ተቆጣጣሪው ክፍል ነው።

አንድ ነገር ግን አታዘግይ። ከቀድሞው ኃላፊ ዕቃውን ቆጥረህ ካልተረከብክ ሦስት ወርህ አልፏል፣ ጉድለቱም ቀስ በቀስ የአንተ እየሆነ ነው። በዚህ ሳምንት ሌላ ክፍል የመደበው ሰው ባለበት ቁጠር። የጎደለውን ቁጥሩን ሳታሳምር እንዳለ ጻፍ። ቀኑን አስገባ፣ ፈርምበት፣ አብሮህ የቆጠረውንም አስፈርም። አንዱን ቅጂ ለአዛዡ ስጥና ሁለተኛው ላይ «ደርሶኛል» ብለው እንዲፈርሙልህ ጠይቅ።